ጣሪያው አውሮፓ፣ ጉልቻው ወሎ

የካርቦን ገበያ ሸቀጡ አይታይም። የሚሸጠው ያልወጣ ጭስ ነው። መንግሥት ፋብሪካዎችና ማመንጫዎች በዓመት ሊለቁት ለሚችሉት ሙቀት አማቂ ጋዝ ጣሪያ ያበጃል፤ ጣሪያውን በቶን ሸንሽኖ ፈቃድ አድርጎ ያድላል ወይም በጨረታ ይሸጣል። ከፈቃዱ በላይ የሚያጨስ፣ ከቆጠበው ይገዛል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው (የሚከተሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ቻይና በአገር አቀፍ ደረጃ በ2021 ተከተለች።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ጣሪያ የላትም። ገበያው ወደ እኛ የመጣው በጓሮ በር በኩል ነው። በ1997 የተደረሰበት የኪዮቶ ስምምነት፣ ባለጸጋው አገር በደሃው አገር የተቀነሰን ጭስ ገዝቶ በራሱ ሒሳብ እንዲይዘው ፈቀደ። አንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነሱ ሲረጋገጥ አንድ ክሬዲት ይሆናል።

ታዲያ በዚህ ገንዘብ የውኃና የነፋስ ማመንጫ አይሠራም ወይ? እኛ ዘንድ ብዙም አይሠራም፤ ምክንያቱም ገበያው የሚከፍለው ለንጹሕ ኃይል ሳይሆን ንጹሑ ኃይል ላስወገደው ቆሻሻ ነው። ቻይና ወይም ህንድ ውስጥ የቆመ የነፋስ ተርባይን የድንጋይ ከሰልን ያስቀራል። አዳማ ላይ በ2012 የቆመው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተጨመረው 153 ሜጋ ዋት ግን የገባው ቀድሞውንም ከሞላ ጎደል በውኃ ወደሚሠራ መረብ ነው። የአማራ ክልሉ ጣና በለስ ብቻውን 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የነፋስ ኃይል ውኃን ቢተካ ምን ጭስ ቀረ ይባላል? ቀድሞ ንጹሕ የሆነ እዚህ ገበያ ላይ የሚሸጠው ያጣል፤ ይህ ለእኔ ከደንቡ ሁሉ የሚያስገርመው ነው።

የኢትዮጵያ ጭስ የት እንዳለ መንግሥት በ2011 ባወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ተጽፏል፤ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከእርሻና ከደን የሚመጣ ነው። ማገዶም በደኑ ሒሳብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገበያው ሻጭ ፈልጎ ሲመጣ የሚደርሰው ጉልቻው ዘንድ ነው።

በወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው የሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከእሷ አልፎ ውጫሌ ላይ አምባሰል ይገኛል። በዚህ አካባቢ ገጠር ማገዶው የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ጭራሮና ተጠፍጥፎ የደረቀ ኩበት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቤት የተዘጋጀው መሣሪያ የባዮጋዝ ማብላያ ሲሆን፣ ከኔፓል ተወስዶ ለእኛ አገር የተስተካከለው ዓይነት ስንዱ ይባላል። እበት ከእኩል ውኃ ጋር ይበጠበጥና ከመሬት በታች ወደተሠራው ባለጉልላት ጉድጓድ ይገባል። አየር በሌለበት ይብላላል፤ ጋዙ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ የተረፈው ዝቃጭ ወደ ማሳ ይወጣል። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በአምስት ዓመት 14 ሺህ ማብላያ ለመሥራት አቅዶ 8 ሺህ ገደማ ሠርቷል።

ያነሰበት ምክንያት ብዙ ነው። ማብላያው በየቀኑ ይጎርሳል፤ ቤቱ አራት ያህል ከብት ከሌለው አይጠግብም። ውኃም ይጠይቃል። ሐይቁ ዳር ላለ ሰው ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ አምባሰል ተራራ ላይ ውኃ ከታች ቀድታ ለምትወጣ ሴት ግን ማብላያው አንድ ተጨማሪ የሚጠጣ ከብት ነው። ከሁሉ በላይ እንጀራው አለ። የባዮጋዝ ነበልባል ወጥ ይሠራል፣ ቡና ያፈላል፤ ሰፊውን ምጣድ ከዳር እስከ ዳር እኩል ማጋል ግን ይከብደዋል። እንጨቱን የሚጨርሰው ደግሞ ጋገራው ነው። ስለዚህ ማብላያ የገባበት ቤት እንኳ ለእንጀራ ወደ እንጨቱ ይመለሳል፤ እዚያ ላይ የሚረዳው በሲሚንቶና በፑሚስ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አሁን ክሬዲቱ ይቆጠር። ቆጣሪው የሚጠይቀው ስንት እንጨት ዳነ ብቻ አይደለም፤ ከዳነው ውስጥ ተቆርጦ የማይተካው ስንቱ ነበር ይላል። ገበሬው የሚያነደው ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠውን የራሱን ባሕር ዛፍ ከሆነ ካርቦኑ ወደ ዛፉ ይመለሳልና ክሬዲቱ ይሳሳል። ኩበትማ ጭራሽ እንደሚታደስ ማገዶ ይታያል፤ ማንደዱ ቢቀር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ አንጻር የሚሸጥ ነገር የለም። ለወሎ ማሳ ግን ትልቁ ትርፍ እሱ ነው፤ ሲቃጠል የነበረው እበት ማዳበሪያ ሆኖ ወደ አፈሩ ይመለሳል። ገበያው ይህን አያይም። በአንጻሩ ጉልላቱ ተሰንጥቆ ሚቴን ቢያመልጥ፣ አንዱ ቶን በመቶ ዓመት ውስጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃልና የተቆጠረው ሁሉ ሊበላሽ ይችላል።

አቆጣጠሩን ማላላትም መዘዝ አለው። በ2024 መጀመሪያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ የምድጃ ፕሮጀክቶችን መርምረው የተሰጠው ክሬዲት ከእውነተኛው ቅናሽ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ የበለጠ መሆኑን ጻፉ። የጠፋው የገዢው እምነት ነው፤ ዕዳው ግን በታማኝነት ለሚቆጥረውም ይተርፋል።

ዋጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2008 ከ20 ዩሮ በላይ ያወጣ የነበረው የኪዮቶ ክሬዲት በ2012 መጨረሻ ከ1 ዩሮ በታች ወረደ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 በኋላ ከአዳዲስ ፕሮጀክቶች የተቀበለው ኢትዮጵያን ከመሳሰሉ እጅግ ድሃ አገሮች ብቻ ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ያንንም በር ዘጋ። የራሱ ፈቃድ በ2023 100 ዩሮ ሲነካ የእኛ ምድጃ ከውጭ ነበር። የቀረው ኩባንያዎች ሳይገደዱ የሚገዙበት የበጎ ፈቃድ ገበያና እንደ ዓለም ባንክ ያሉ ቀድመው ቃል የሚገቡ ገዢዎች ናቸው። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ ከጉቶ መልሶ እንዲያገግም ያደረገው፣ በ2009 የተመዘገበው ፕሮጀክት የቆመው እንዲህ ባለ ቀድሞ በተገባ ቃል ነው፤ የዓለም ባንክ ፈንድ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት አስቀድሞ ውል ገባ፤ ገንዘቡም ለገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበር።

ሁምቦ ላይ ሻጩ መሬቱን የያዘው ማኅበር ስለነበረ ባለቤቱ ግልጽ ነበር። በምድጃና በማብላያ ግን ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ በቅናሽ ዕቃውን ሲቀበል የካርቦኑን መብት ለፕሮጀክቱ ያስተላልፋል። እኔ ይህን በደል አልለውም፤ ክሬዲቱ የሚመጣው ማብላያው ሠርቶ ከተለካ በኋላ ሲሆን ግንበኛውና ሲሚንቶው የሚከፈሉት ዛሬ ነውና ማን አስቀድሞ ያወጣል? ነገር ግን ውሉ ለቤቱ እመቤት በቋንቋዋ ተነቦላት፣ ማብላያው ሲበላሽ ማን እንደሚጠግን ተጽፎ መፈረም አለበት። ካልተጠገነ ማብላያ ገዢውም ክሬዲት አያገኝም።

የፓሪስ ስምምነት ደግሞ ሌላ ስሌት አምጥቷል። በስድስተኛው አንቀጽ መሠረት ኢትዮጵያ ፈቅዳ ለሌላ አገር የሸጠችው ቶን ከራሷ የልቀት ቅነሳ ሒሳብ ላይ ይነሳል። የምድጃው ቶን ከርካሾቹ አንዱ ነው። ርካሹ ሁሉ ቀድሞ ከተሸጠ፣ አገሪቱ የገባችውን ቃል ለመጠበቅ የሚቀራት ውዱ ይሆናል፤ ስለዚህ ስንቱን ቶን ሸጦ ስንቱን ለራስ ማስቀረት እንደሚገባ መወሰን ያለበት የአንድም ወረዳ ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።