ሁመር፤ ከፍሬውና ከከሰሉ የቱ ይበልጣል?

በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ግርጌ የሚገኘው ዋንዴገያ በካምፓላ ከተማ በምግብ ገበያው የታወቀ ሰፈር ነው። ምሽት ላይ ዶሮው ሲጠበስና ቂጣው ሲጋገር የምድጃው እሳት አብዛኛውን ጊዜ የከሰል ነው። ለከተማው ከሚቀርበውም ከሰል ብዙው የሚመጣው ከሰሜን ዩጋንዳ ነው። በዚያ ለከሰል ከሚቆረጡት ዛፎች አንዱ፥ በኤርትራና በኢትዮጵያ ቆላዎችም የሚበቅለው ሁመር ነው።

ሁመር ቀይ መስመር የጣለበት ያማረ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ የፍሬው ሥጋ ኮምጣጣ ነው። ዓረቦች «ተምር ሂንዲ»፥ ይኸውም የህንድ ተምር ስላሉት ብዙ ሰው የህንድ ተወላጅ ይመስለዋል፤ ጥንተ አገሩ ግን አፍሪቃ ነው። ባጋንዳዎች ሙኮጌ ይሉታል፤ በቴሶ አገር የዳጉሳ ገንፎ ይኮመጥጥበታል፤ በከተማም ጭማቂው ይጠጣል። ይሁን እንጂ ከዓለም ሁሉ አብልጣ የምታመርተውና አሽጋ ወደ ውጭ አገር የምትልከው ህንድ ናት።

ከዘር የተተከለ ሁመር እስኪያፈራ ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል፤ ካፈራ በኋላ ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ሲሰጥ ይኖራል። ከሰል የሆነው ዛፍ ለባለቤቱ የሚከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በሰሜን ዩጋንዳ ለንግድ የሚሆን ከሰል ማክሰልን በትእዛዝ ከለከሉ። ነገር ግን ትእዛዝ ብቻውን ዛፍን አያድንም፤ ፍሬውን በደህና ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ሲገኝ ገበሬው ራሱ ምሳሩን ያስቀምጣል።