ልጄ ከሜዳው የጠፋችበት ዓመት

የመጨረሻ ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ከኮንዶሚኒየም ግቢያችን ሜዳ ጠፋች። የትም አልሄደችም፤ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ የሚጫወቱትን ታያለች። ገመድ ዝላዩም፣ ሰኞ ማክሰኞውም ቀረ። እኔም «ልጄ ጨዋ ሆነችልኝ፤ ከቤት አትወጣም» እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ። ታላቅ ወንድሟ እስኪመሽ ኳስ ሲያሳድድ ግን ባለጌ ያለው ሰው የለም።

አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ እናቴ «ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ? ለምን አትወርድም?» አለችኝ። እሷኑ ጠየቅኳት።

«ሜዳው የኳስ ነው። ጥግ ላይ ስንቀመጥ ኳስ ይመታናል። ሰኞ ማክሰኞ የምናሰምርበት ላይ መኪና ይቆማል። ሲመሽ ደግሞ ደረጃው ሥር ጨለማ ነው» አለች። አፈርኩ።

ነገሩ የእኛ ግቢ ብቻ አይደለም። በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት ሴት ልጆች ዘጠኝና አሥር ዓመት ካለፋቸው በኋላ በሕዝብ መናፈሻዎች ቁጥራቸው በጣም እንደሚቀንስ፣ የወንዶቹ ግን እንደዚያ እንደማይቀንስ አሳየ። ያለው አንድ ሰፊ ሜዳ ብቻ ሲሆን ሴቶቹ ከመጋፋት ትተው መሄድን ይመርጡ ነበር። ከተማዋ በ1999 ሁለት መናፈሻዎችን አስተካከለች። ሰፊውን ቦታ በትናንሹ ከፋፈለችው፤ የእግር መንገድ፣ የመረብ ኳስና የባድሚንተን መጫወቻ ጨመረች። ሴት ልጆቹ ተመለሱ፤ ወንዶቹም አልተባረሩም።

እዚያው ቪየና ውስጥ በ1997 የተጠናቀቀ፣ ሴት አርክቴክቶች የነደፉት 357 ቤቶች ያሉት የመኖሪያ መንደርም አለ። እናት ወጥ እየሠራች ግቢ የሚጫወት ልጇን በመስኮት እንድታይ ታስቦበታል።

በእኛም ከተማ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶው ለሴቶች ይያዝ ነበር። ብዙ እናቶች የቤት ባለቤት የሆኑት በዚህ ነው። ቁልፉን ተረከብን። ስለ ሜዳው ግን ማንም አልጠየቀንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የነዋሪዎች ስብሰባችን እሑድ ጠዋት ነው። ያን ሰዓት ብዙዎቻችን ወይ ምጣድ ላይ ነን፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፤ ስለዚህ የሚወስኑት አባወራዎቹ ናቸው። በመጋቢት ወር አጀንዳው የመኪና ማቆሚያውን ማስፋት ነበር። ልጄን ይዤ ገባሁ። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «ብዙ ቦታ አንፈልግም። ኳስ የማይደርስበት ጥግና አንድ መብራት ብቻ» አለች። አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ቀጠሉና «አግዳሚ ወንበር ቢኖር እኛም እንወርድ ነበር። ልጆቹንም እናይላችኋለን» አሉ።

አዋጥተን መብራቱን ተከልን። መኪኖቹ በአንድ ወገን ሆኑ። አግዳሚ ወንበሩ ገና ነው፤ እናቴ በርጩማዋን ይዛ ትወርዳለች። ልጄ ግን ወርዳለች። ትናንት ማታ ስጠራት «ትንሽ ቆይቼ» ብላኛለች፤ እንደዚያ ካለችኝ ዓመት አልፎ ነበር።

እናንተም ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ግቢያችሁ ወይም ወደ ሰፈራችሁ ሜዳ ወጥታችሁ ቁጠሩ። አሥር ዓመት ያለፋቸው ሴት ልጆች ስንት ናቸው? ከሌሉ፣ እኔ እንዳደረግኩት ጨዋነት ነው ብላችሁ አትለፉት። ቤት ግቡና ጠይቋቸው።