ከወዳደቀ ጡብና ድንጋይ የሚሠራ የደጅ ንጣፍ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ደጃችን ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ስለሚሆነው በራፍ።

እስቲ ወጣ በሉና ግድግዳችሁን ከታች በኩል እዩት። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ከሆነ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ድረስ ምርጊቱ ተልጦ፣ ጭዱ ወጥቶ ታገኙት ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ከጣራ የሚወርደው ውሃ ነው። ውሃው መሬቱን ሲመታ ጭቃ ይረጫል፤ ምርጊቱን ያርሳል። በራፍ ላይ የተኛው ውሃ ደግሞ ወደ ቤቱ ሥር ይሰርጋል። የቋሚው እንጨት እግር የሚበሰብሰው በዚህ ነው። ስለዚህ ደጅ ማንጠፍ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቤቱን ያቆያል። እናት አባትም በጭቃ ተንሸራተው እንዳይወድቁ ይረዳል። በእርጅና የተሰበረ የዳሌ አጥንት ቶሎ አይጠገንም።

«ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። የሚበዛው ዕቃ ወድቆ የሚገኝ ነው። አሮጌ ቤት በፈረሰበት ቦታ የጡብና የብሎኬት ስባሪ፣ ድንጋይም ይከመራል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ውሰዱ። የተጣለን ነገር መልሶ ለሥራ ማዋል ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ያላችሁ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው ታውቁታላችሁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ሲሆን አይታችኋል። በረባሶስ ከመኪና ጎማ አይደል የሚሠራው?

ግን ሁሉ ጡብ ጡብ አይደለም። ሁለቱን አንሡና አጋጩ። «ቃ!» ብሎ ከጮኸ በደንብ የተተኮሰ ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ውሃ ሲጠጣ ይፈረፈራል፤ ተዉት። አንድ የማይነካም አለ፤ አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ የጣራ ክዳን። ሲሰበር ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣል፤ ብናኙ ከብዙ ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። አትስበሩት፣ አትቁረጡት። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትንም በርሜል፣ ቢታጠብም እንኳ፣ ወደ ቤት አታስገቡ።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። መምህር ነኝና ያለ ሒሳብ አልለቃችሁም። ንጣፉ በግድግዳው ርዝመት 3 ሜትር፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ 2 ሜትር ይሁን። 3 ሲባዛ በ2፣ 6 ካሬ ሜትር ነው። ጡቡ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12 ሴንቲ ሜትር ወርድ ቢኖረው፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 33 ያህል ይገባል። ለስድስቱ 200 ጡብ ማለት ነው። ሁለት ግማሽ ስባሪ እንደ አንድ ይቆጠራል።

ዋናው ሥራ ከላይ የሚታየው ጡብ አይደለም፤ ውሃው ወዴት ይሂድ የሚለው ነው። ውሃ ከቤቱ መራቅ አለበት። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከግድግዳው አጠገብ አንድ ችካል፣ 2 ሜትር ርቃችሁ ሌላ ችካል ትከሉ። ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሙሉና ሁለቱን ጫፍ በችካሎቹ ላይ ያዙ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ። በቤቱ በኩል ካለው ምልክት ላይ ገመድ እሰሩ፤ በውጭው ችካል ግን ከምልክቱ 4 ሴንቲ ሜትር ወርዳችሁ እሰሩት። ገመዱ የንጣፉ ፊት የሚደርስበት ነው፤ ከቤቱ ወለል በታች መሆኑን አረጋግጡ።

ከገመዱ በታች 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቁ፤ የቤቱን ሥር እንዳትነኩ። መጀመሪያ 10 ሴንቲ ሜትር የድንጋይና የብሎኬት ስባሪ አፍስሱ፤ 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ሦስት በርሜል ይሆናል። በወፍራም ግንድ ጠቅጥቁት፣ ጠቅጥቁት፣ አሁንም ጠቅጥቁት! ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ 4 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ 6 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጡብ። በጡቦቹ መካከል አሸዋ ጥረጉበት። ዳርና ዳሩን በትልልቅ ድንጋይ ግጠሙ፤ አለዚያ ጡቡ ይሸሻል። የጣራው ጠብታ በሚያርፍበት መስመር ላይ ግን ጡብ አታንጥፉ፤ ጠጠር ሙሉበት። ጠጠር ጠብታውን ይሰብረዋል፣ አያስረጭም። ከንጣፉ የሚወርደውን ውሃ በትንሽ ቦይ ወደ ጌሾው ወይም ወደ ጎመኑ ምሩት። ወደ ጎረቤት አትልቀቁት እንጂ!

ሲሚንቶ አስፈላጊ አይደለም። በተለይ ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ያላችሁ አስተውሉ። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ የተለሰነ ስስ ሲሚንቶም አብሮ ይሰነጠቃል። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ጡብ ግን ቢሰምጥ ይነሣል፣ ይስተካከላል።

መቀመጫ ከአሮጌ ጎማ ይሠራል። ሁለት ጎማ ደርቡ፣ ውስጡን አፈር ጠቅጥቃችሁ ሙሉ፣ ሳንቃ ጣሉበት። ባዶውን አትተዉት። ጎማ ውስጥ የተኛ ውሃ የትንኝ መራቢያ ነው። በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ያን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ዕንቁላል ትጥላለች።

ሥራውን ከሚያዝያ በፊት ጨርሱ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እንዳባራ ወጥታችሁ እዩ። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ያሉትን ጡቦች አንሡና ሥራቸው አሸዋ ጨምሩ።