የቡና ችግኝ ስለሚለብሰው ልብስ

በቦንጋ ዙሪያ ባለው በከፋ ደን ውስጥ የበቀለውን ቡና አስተውሎ የተመለከተ ሰው፣ በአንዳንዱ ተክል ጫፍ ላይ የሚያቈጠቍጠው ለጋ ቅጠል እንደ ነሐስ የቀላ ሆኖ ያገኘዋል፤ የሌላው ጫፍ ግን ከመጀመሪያው አረንጓዴ ነው። የቀላውን በሽታ የያዘው መስሎት የሚነቅል ቢኖር ይሳሳታል። ቅላቱ አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው፤ ቅጠሉም ሲጠና አረንጓዴው ይሸፍነዋል። ቀለም ለተክል ጌጥ ብቻ እንዳይደለ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንገልጽ ወደድን።

ከፀሐይ ብርሃን ጋራ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር አብሮ ይወርዳል። ከፍታው አንድ ሺሕ ሜትር በጨመረ ቍጥር ጨረሩ ከመቶ አሥር እጅ ያህል ይበረታል፤ ቦንጋም 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ለምድር ወገብ ቀርባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሕይወት ያለው ሁሉ ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ በሴሉም ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፣ የተክሉ ጠባይ በአራት ፊደሎች የተጻፈበት መዝገብ አለ። ጨረሩ ይህን መዝገብ ሲያገኘው ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ፊደሎች ያጣብቃቸዋል። እንዲህ ያለውን ብራና የሚገለብጥ ጸሓፊ ወይ ያቆማል ወይ ይሳሳታል፤ ሴሉም እንደዚሁ ነው። ሰው ጥላ ፈልጎ ይጠጋል፤ ተክል ግን በተተከለበት ይቀራል።

ስለዚህ ተክል ፍላቮኖይድ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች እየሠራ በቅጠሉ ቆዳ ያከማቻል፤ እነርሱም ጨረሩን ወደ ውስጥ ሳያልፍ ውጠው ያስቀሩታል። አንቶሲያኒንም ከነዚሁ ወገን ነው። የሚያስገርመው ግን፣ ይህን ጨረር አብልጠው የሚከለክሉት ለዓይናችን ቀለም የሌላቸው ወይም ፈዛዛ ቢጫ የሆኑት ናቸው፤ ቀዩ ይልቁን የሚታየውን ብርሃን ብርታት ያበርዳል። እንግዲህ ጫፉ አረንጓዴ የሆነው ቡናም ራቁቱን አይደለም።

አን ስቴፕልተንና ቨርጂኒያ ዋልቦት የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት ፍላቮኖይድ ባለውና በሌለው በቆሎ ላይ ጨረር አብርተው፣ ባለው ላይ የዲ ኤን ኤው ጉዳት ያነሰ ሆኖ ማግኘታቸውን በ1994 በፈረንጆች አቈጣጠር አስታውቀዋል። አልፎ ለገባው ጨረርም ጠጋኝ አለ፤ ፎቶላይዝ የሚባለው ረቂቅ ሠራተኛ ከሚታየው ብርሃን ኃይል ወስዶ የተጣበቁትን ፊደሎች ያላቅቃል። ያቈሰለችው ፀሐይ ራሷ ታክማለች ለማለት ይቻላል።

ይህ ልብስ ግን ባንድ ቀን አይለበስም። ቅጠሉ የሚሠራው በሚያገኘው ብርሃን ልክ ነውና በጥላ ያደገ ችግኝ ልብሱ ስስ ነው፤ በድንገት ወደ ገላጣ ቦታ ቢያወጡት ይቃጠላል፤ ለቃጠሎውም የሚታየው ብርሃን ብዛትና ሙቀቱ ጭምር ምክንያት ናቸው። ችግኝ የሚያፈሉ ቤተ ሰቦች ከመትከላቸው በፊት ባሉት ሳምንታት የዳሱን ሣር ቀስ በቀስ ያሳሱ፤ ተከላውንም ክረምት ሲገባ ያድርጉት። ዋንዛውንና ብርብራውን ለማገዶ የሚያስቈርጡ ሰዎችም አስቀድመው ከሥሩ የቆመውን ቡና ይመልከቱ፤ ጥላው ባንድ ጧት ሲወድቅ ቡናው ልብሱን የሚሠራበት ጊዜ አያገኝም። ዛፉን መቍረጥ ግድ ከሆነ ቅርንጫፉን በየጊዜው ማሳሳት ይሻላል፤ የለጋው ቅጠል ጠርዝ አርሮ የታየ እንደ ሆነም በእንሰት ቅጠል ለጊዜው ማልበስ ነው።