ሸክም ስፖርት አይሆንም

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ አሶሳ ውስጥ የሴቶች ስፖርት ጉዳይ ሲነሳ አንድ መልስ ከአፍ አይጠፋም፤ «የእኛ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ሲለፉ አይደል የሚውሉት? ምን ስፖርት ያሻቸዋል?»

ልፋቱ እውነት ነው። የጉሙዝ ሴት ትከሻዋ ላይ ያጋደመችውን ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ጭና ረጅም መንገድ ትሄዳለች። የበርታ ሴቶች ጎንበስ ብለው አፈር እያጠቡ ወርቅ ይፈልጋሉ። አረሙ፣ ማሽላው፣ የታዘለው ሕፃን ሲጨመርበት ቀኑ አይበቃም። ሆኖም ሰውነት ልፋትን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም።

በፈቃድና በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ የልብ በሽታን ይከላከላል። ለሰዓታት የሚዘልቅ የጉልበት ሥራ ግን ያን ያህል ጥቅም አይሰጥም፤ እንዲያውም አደጋውን ከፍ ሲያደርግ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። ተመራማሪዎች ይህን «የአካል እንቅስቃሴ ተቃርኖ» ይሉታል። ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ዕረፍት ማጣት ነው። ፈጣን የግማሽ ሰዓት ጉዞ ልብን ያሠራና ይለቃል፤ ከጉዞው በኋላም የደም ግፊት ለሰዓታት ዝቅ ይላል። ከጠዋት እስከ ማታ ሸክም ላይ ያለች ሴት ግን የልብ ምቷና ግፊቷ ከፍ እንዳለ ይውላል፤ ጡንቻዋም የሚያገግምበት ጊዜ አያገኝም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የኬንያ ሉኦና ኪኩዩ ሴቶች እስከ ክብደታቸው 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጡ መሸከም እንደሚችሉ አሳይቷል። ድንቅ ችሎታ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ግን የሚያወጡት ጉልበት ከሸክሙ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። አከርካሪና ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫናም አለ፤ ከባድ ሸክም የማህፀን መውጣት አደጋን እንደሚጨምርም ይታወቃል። ስለዚህ ለገጠሯ ሴት ቀዳሚው የጤና ምክር «ተንቀሳቀሽ» ሊሆን አይገባም። ሸክሟ ይቃለል፤ ውኃው ወደ ቤቷ ይቅረብ።

ከተማ ውስጥ ቢሮ ወይም ሱቅ ተቀምጣ የምትውለው፣ ቤቷም በባጃጅ የምትመለሰው እህታችን ችግሯ ሌላ ነው። የማይሠራ ጡንቻ ብዙ ስኳር አይጠቀምም። ጡንቻ ሲሠራ ግን በሕዋሱ ውስጥ ተቀምጠው የነበሩ ስኳር አስገቢ ፕሮቲኖች ወደ ሽፋኑ ይወጡና የኢንሱሊንን ትእዛዝ ሳይጠብቁ ስኳሩን ከደም ያስገባሉ። ከእንቅስቃሴው በኋላም ጡንቻው ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ለኢንሱሊን የተሻለ ምላሽ ይሰጣል። አጥንትም ጫና ሲያርፍበት ይጠነክራል፤ ይህም የወር አበባ ሲቋረጥና ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንቷ ለሚሳሳ ሴት ትልቅ ነገር ነው። እንቅልፍ ይሻሻላል፤ ጭንቀትና ድብርትም ይቀላል። ግጭትና መፈናቀል ባዩ የክልሉ ሴቶች ዘንድ ይህ የመጨረሻው ጥቅም ከሁሉም በላይ ይመስለኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ ማለት ማውራት እየተቻለ መዝፈን የሚያቅት ያህል ነው። ለዚህ የደራርቱ ቱሉ እግር አያስፈልግም። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን፣ ድሏ ለብዙ ሴቶች የሩጫን በር ከፍቷል። ጉዳቱ፣ እንቅስቃሴ የሻምፒዮኖች ብቻ መስሎ መቅረቱ ነው። ጭፈራም ይቆጠራል፤ ዋዛ የተባለው የበርታ ባህላዊ መለከት ሲነፋ ክብ ሠርቶ መዞር ልብን በሚገባ ያሠራል።

የአሶሳ ሙቀት በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይበረታልና ማልደሽ ወይም አመሻሽ ላይ ውጪ፤ ውኃም አትርሺ። ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብሽ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ አስቀድመሽ የጤና ባለሙያ አማክሪ። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ወይም የመንገዱ ስጋት ከያዘሽ ደግሞ ከጎረቤቶችሽ ጋር ሁኚ።

ባሎች፣ ወንድሞች፣ ወንድ ልጆች፦ ጀሪካኑንና እንጨቱን ተካፈሏቸው። ያን የፈጣን ጉዞ ግማሽ ሰዓት ለሴቶቹ የምታተርፉላቸው እናንተ ናችሁ።