ስብሰባ ማለት ስብ ሲሰባ ነው

የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፊደል ስለቅም ስለምውል አንድ ክፉ አመል ይዞኛል፤ ቃል ባየሁ ቁጥር ከወገቡ እሰነጥቀዋለሁ። «ስብሰባ»ን ለሁለት ክፈሉትና እዩት፦ «ስብ» እና «ሰባ»። አበልና ምሳ ካለበት ስብሰባ ከስቶ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። «ቢሮ» ደግሞ «ቢሮጡም ኃላፊው ወጥቷል» ከሚለው ተቆርጦ የቀረ ነው። «ታክሲ»ስ? «ታክቶ ሲጠበቅ»! አመሻሽ ላይ አራት ኪሎ የተሰለፈ ሰው ማስረጃ አይጠይቀኝም።

ጨዋታው በአማርኛ የሚሰምረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅኔ ጆሯችንን አሠልጥኖታል። ሰሙ አንድ ቃል ሆኖ ወርቁ ለሁለት ሲከፈል እየሰማን ስላደግን ቢላዋው ሁልጊዜ እጃችን ላይ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ቀልዱ «ታሪክ ነኝ» ሲል ነው። ለገሀርን ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር ደርቦ ወንዝ የሚፈልግለት ሰው ገጥሞኛል። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነውና በግምቱ አይወቀስም። እዚያ የደረሰው ግን ሐዲድ ነው። ፈረንሳዮች ከጅቡቲ የዘረጉት ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» አሉት፤ «ባቡር ጣቢያው» ማለታቸው ነው። የከተማችን ሰው አላምጦ ለገሀር አደረገው።

ካዛንቺስም እንዲሁ ነው። እኔ ብጠየቅ ካሳ የሚባል ሰው ሚስቱን «አንቺስ?» ያለበት ሰፈር ነው እላለሁ። እውነቱ ይህን ያህል አያስቅም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ምኅጻረ ስም «ኢንቺስ» ነበር፣ «ካዛ» ደግሞ ቤት። «ደላላ» የመጣው ከዐረብኛው «ደላል» ነው፤ ቤት ፈልጎ የተንከራተተን ተከራይ ግን «ከመደለል አይደለም» ብላችሁ አትረቱትም። እኔም አልሞክርም።

አንዳንዴ ደግሞ እውነቱ ራሱ ቀልድ ይመስላል። ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ካስመጣውና እዚያ ተሰብሮ ከቀረው የእንፋሎት መኪና ነው። እኔ ብፈጥረው ማንም አያምነኝም ነበር።

ስለዚህ የቃል ታሪክ ሲነገራችሁ ቃሉን ማን እንዳመጣው ጠይቁ። ዕቃ ስሙን ይዞ ነው የሚገባው፤ ጎሚስታም ፌርማታም ማኪያቶም ከጣሊያኖች ጋር ነው የገቡት። ቃሉ የአገር ቤት ከሆነ ደግሞ ግሱን ፈልጉ። ታሪኩ ከልክ በላይ ካማረ ተጠራጠሩ።

እስከዚያው ግን ሰንጥቁ፣ ሳቁ። ፈተና ላይ ብቻ እንዳትጽፉት፤ መምህሩ «ስብሰባ ከሰበሰበ ነው» ብሎ ዜሮ ይሰጣችኋል፤ ልክም ነው።