ነገ የት እንደምንውል የሚገምተው ስሌት

ጎዋላ እና ብራይትካይት ስማርት ስልክ መስፋፋት በጀመረበት ሰሞን ብቅ ያሉ የአሜሪካ መተግበሪያዎች ነበሩ። ተጠቃሚው ካፌ ሲገባ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ «እዚህ ነኝ» ብሎ ይመዘግባል፤ ጓደኞቹም ያያሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኡንጁን ቾ፣ ሴት ማየርስ እና ዩሬ ሌስኮቬትስ ከሁለቱ የተገኘውን ወደ 11 ሚሊዮን የሚጠጋ ምዝገባ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናት አወጡ። ጥያቄያቸው የሰው እንቅስቃሴ ምን ያህሉ በልማድ፣ ምን ያህሉ በወዳጅ ምክንያት ይመራል የሚል ነበር።

መረጃው ላይ ላዩን ሲታይ ምንም የማይናገር ይመስላል። በእያንዳንዱ መስመር የተጠቃሚው መለያ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ የቦታው ቁጥር ብቻ ተጽፏል፤ ስም የለም። የሰውየውን ቤት መገመት ግን አላስቸገረም። ተመራማሪዎቹ ምድርን 25 በ25 ኪሎ ሜትር እየከፋፈሉ ሰውየው አብዝቶ የተመዘገበበትን ክፍል መረጡ፤ እዚያ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች አማካይ ወስደው ቤቱ አሉት።

ተመራማሪዎቹ የሠሩት የትንበያ ስሌት ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ማዕከል ያበጃል፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቦታ ነው። ሰዓቱ ሲነገረው ግምቱ ወደ አንዱ ያጋድላል፤ ረፋዱ ላይ ወደ ሥራ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ቤት። ከሁለቱም የራቀ ምዝገባ ሲያጋጥመው የሰውየውን ጓደኞች ይመለከታል። አንዱ ጓደኛ ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚያው አካባቢ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ለጉዞው ምክንያት የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል።

ከእንቅስቃሴያችን ከ50 እስከ 70 በመቶው የተለመደ ምልልስ ሆኖ ተገኘ፤ ወዳጅነት የሚያስረዳው ከ10 እስከ 30 በመቶ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ርቀቱ ያመጣው ልዩነት ነው። ቅርብ ቅርቡን የሚያመላልሰን ልማድ ሲሆን፣ መንገዱ እየረዘመ ሲሄድ የወዳጅ ድርሻ ይበረታል። ለዘመድ ጥየቃ አገር አቋርጦ የሄደ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

የሚያሳስበው ነገር ከዚሁ ከወዳጅነት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሎስ አንጀለስና ከኒውዮርክ በተላኩ የትዊተር መልእክቶች ላይ ተመሥርተው፣ ያለበትን የደበቀ ሰው እንኳ ጓደኞቹ ካሉበት ተነሥቶ የት እንዳለ መገመት እንደሚቻል አሳዩ። መተግበሪያዎች ፈቃድ የሚጠይቁት እያንዳንዱን ተጠቃሚ ለብቻው መሆኑ ከባድ ጉድለት ነው እላለሁ፤ ጂፒኤሱን ያጠፋ ሰው አብሮት ምሳ የበላ ጓደኛው ያጋራውን መከልከል አይችልም።

ስሌቱ የማያየውም አለ። ሰው «እዚህ ነኝ» የሚለው ቢታይ ደስ በሚለው ቦታ ነው፤ ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ሲገባ ዝም ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የስታንፎርዶቹ የሁለት ሚሊዮን ገደማ የሞባይል ደንበኞችን የጥሪ መረጃ ጨምረው መመርመራቸው ጠቃሚ ነበር፤ እዚያም ተመሳሳይ ልማድ ታየ።

ጎዋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ተዘግቷል። ለጓደኛ ተብለው የተላኩት ምዝገባዎች ግን በስታንፎርድ የመረጃ ክምችት ለማንም ክፍት ሆነው ቆይተዋል፤ ተመራማሪዎችም አዳዲስ የትንበያ ስሌቶችን ሲፈትሹባቸው ኖረዋል።